የማይሰበሰብ ቀልብ፦ በአዋቂዎች ላይ የሚታየውን ኤዲኤችዲ ለመለየትና ለማከም

ደሴ ከተማ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ የሚሰፋ አንድ ዘመድ አለኝ። ግድግዳው ላይ ተጀምረው ያላለቁ ልብሶች ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ቁልፍ ብቻ ይቀረዋል፣ የአንዱ እጅጌ አልተገጠመም፣ የሌላው ጫፍ አልታጠፈም። ሰውየው ሜትሩን አንገቱ ላይ አጥልቆ ሜትር ይፈልጋል። ለማክሰኞ የቀጠረው ደንበኛ ሐሙስ ሲመጣ "ነገ" ብሎ ይመልሰዋል። በአረፋ ዋዜማ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ ከመግሪብ እስከ ሱብሂ አዛን ከስፌት መኪናው ሳይነሳ የሰው ሁሉ የበዓል ልብስ ይጨርሳል፣ ስፌቱም እንከን አይወጣለትም። ይህን ያየ ሁሉ "ሲፈልግ ይችላል፤ ስንፍና ነው" ይላል። እኔም ለዓመታት እንዲያው ስል ኖሬያለሁ።

ይህ ጽሑፍ እንደ እሱ ለሚኖሩ አዋቂዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው። ኤዲኤችዲ የሚባለው ይህ ችግር ምን እንደሆነ፣ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ በፊት ምን ማሰባሰብ እንደሚገባ፣ ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድና ሕክምናው ምን እንደሚመስል በቅደም ተከተል ለማስረዳት ይሞክራል። ምርመራውን የሚሰጠው ግን የሠለጠነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ብቻ ነው።

ትኩረቱ አለ፣ ልጓሙ ላላ

ኤዲኤችዲ በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ "የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር" እየተባለ ይጠራል። ስያሜው ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሰን፤ ዘመዴ በአረፋ ዋዜማ የሚያሳየው ትኩረት ከማንም አያንስምና። የሚቸግረው ትኩረቱን ከሚስበው ነገር አንሥቶ ወደሚያስፈልገው ነገር ማዞር፣ እዚያም ሥራው እስኪያልቅ ማቆየት፣ ሲበቃም መመለስ ነው። ይህን ተግባር በዋነኛነት የሚያከናውነው ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ ሥራውን በአግባቡ እንዲሠራ ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን የተባሉት የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎች በተገቢው መጠን ሊደርሱት ይገባል። ችግሩ ያለበት ሰው አንጎል አዲስ፣ ደስ የሚያሰኝ ወይም ቀነ ገደቡ ደጃፍ የደረሰ ነገር ሲያገኝ ይነቃል፤ "አስፈላጊ ነው" መባል ብቻውን ግን አያነቃውም። እኛ ወሎዬዎች "ቀልብህን ሰብስብ" ስንል ቀልብ በትእዛዝ የሚሰበሰብ ይመስለናል። ለዚህ ሰው ትእዛዙ በቂ አይደለም፤ ስለዚህም "ሲፈልግ ይችላል" የሚለው ክስ ከችግሩ ዋና ምልክቶች አንዱን በሌላ ስም መጥራት ነው።

ሁኔታው አዲስ የፈረንጅ ፈሊጥ አይደለም። ጆርጅ ስቲል የተባለው የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ላይ ባቀረባቸው ንግግሮች እንዲህ ያሉ ልጆችን ገልጾ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ አስርት ዓመታት ልጆች አድገው የሚተዉት ነገር ተደርጎ ተቆጥሯል። ዛሬ ከልጆቹ ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ችግሩን ይዘው እንደሚያድጉ ይታወቃል፤ በዓለም ዙሪያ ከመቶ አዋቂዎች 2 ወይም 3 ያህሉ ከልጅነት የዘለቀ ኤዲኤችዲ እንዳለባቸው ይገመታል። በዘር የመተላለፍ ኃይሉም ከፍተኛ ነው፤ በመንታዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ከዘር ጋር የተያያዘ መሆኑን ያመለክታሉ። ያለጊዜ መወለድና በጣም አነስተኛ የልደት ክብደትም አደጋውን ይጨምራሉ። በጨቅላነት የደረሰ ከባድ የምግብ እጥረት ከዓመታት በኋላ በትኩረት ላይ አሻራ ሊተው እንደሚችልም በጥናት ታይቷል፤ በ1977ቱ ድርቅ ወቅት ወሎ ውስጥ ጨቅላ የነበረ ሰው ዛሬ በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ ይህን ታሪኩን ለሐኪሙ ቢነግር መልካም ነው።

አዋቂው ላይ ምን ይታያል?

በልጅነት ዛፍ ላይ የሚያወጣው፣ ከአጥር የሚያዘልለው ቅብጥብጥነት ከዕድሜ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። አዋቂው ተቀምጦ ይታያል፤ ውስጡ ግን አልተቀመጠም። እግሩን ያወዛውዛል፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ መውጫ ሰበብ ይፈልጋል፣ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ይመልስለታል። ከዚህ ይልቅ ሕይወቱን የሚያውኩት ትኩረትን የሚመለከቱት ምልክቶች ናቸው፦ ጀምሮ መተው፣ ቀጠሮ መርሳት፣ ቁልፍና ስልክ መጣል፣ ማሰብ የሚጠይቅ ሥራን ዛሬ ነገ እያሉ ማሳደር፣ ሰው ፊት ለፊት እያናገረ ልብ ሌላ ቦታ መገኘት። ከቅሬ (ከእድር) ስብሰባ በመቅረት በየወሩ ቅጣት የሚከፍል ሰው ቅሬውን ንቆ ላይሆን ይችላል። ገንዘብ ሲገባ ወዲያው የሚወጣበት፣ ሥራ በየዓመቱ የሚለውጥ፣ ነገር ሲመጣበት ቱግ ብሎ ወዲያው የሚጸጸትም ብዙ ነው።

በሴቶች ላይ ነገሩ ይበልጥ ይሸፈናል፤ ይህ በተለይ ያሳስበኛል። ሴት ልጅ ብዙውን ጊዜ አትረብሽም፣ ክፍል ውስጥ በመስኮት እያየች ዝም ትላለች፣ መምህሩም "ጨዋ ልጅ" ብሎ ያልፋታል። ስታድግ ግን ቤት የማስተዳደሩ ሥራ፣ ማለትም ሊጡ፣ ወጡ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትና የእንግዳው ቡና በአንድ ጊዜ እሷ ላይ ይወድቃል፤ ይህም ችግሩ በጣም የሚፈትነው ዓይነት ሥራ ነው። ምጣዱ ላይ እንጀራ ጥላ ጎረቤት የሄደችውን ሴት ማንም ሐኪም ዘንድ ሂጂ አይላትም፤ "ሙያ የላትም" ይሏታል። ብዙዎቹ ጤና ተቋም የሚደርሱት በድብርት ወይም በጭንቀት ነው፣ ሥሩም ሳይታይ ይቀራል።

ከመሄድዎ በፊት

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያዘጋጀው አጭር የቅድመ ልየታ መጠይቅ 6 ጥያቄዎች አሉት። ባለፉት 6 ወራት ውስጥ ዋናው አልቆ የሥራን የመጨረሻ ክፍል መቋጨት፣ ነገሮችን በሥርዓት ማስኬድና ቀጠሮን ማስታወስ ምን ያህል ጊዜ እንዳስቸገረዎ በመጀመሪያዎቹ 3 ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ በቀሪዎቹ ደግሞ ማሰብ የሚጠይቅ ሥራን መሸሽ፣ ረጅም ጊዜ ሲቀመጡ እጅ እግርን ማወዛወዝና ሞተር እንደሚነዳው ሰው ዕረፍት ማጣት ምን ያህል እንደሚደጋገም። ለመጀመሪያዎቹ 3 "አንዳንድ ጊዜ" ወይም ከዚያ በላይ፣ ለመጨረሻዎቹ 3 "ብዙ ጊዜ" ወይም ከዚያ በላይ የሚል መልስ ይቆጠራል፤ ከ6ቱ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሞላ ወደ ባለሙያ መሄድ ይገባል። ከዚህ በላይ ትርጉም አይሰጠውም። የደከመው፣ ያልተኛው ወይም ያዘነ ሰውም ይህን ቁጥር በቀላሉ ሊሞላ ይችላል።

ለባለሙያው ከመጠይቁ ይልቅ የሚጠቅመው የልጅነት ታሪክዎ ነው። በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የ2013 እ.ኤ.አ. መመዘኛ መሠረት፣ 17 ዓመት የሞላው ሰው ከ9ኙ የትኩረት ምልክቶች ወይም ከ9ኙ የቅብጥብጥነትና የችኩልነት ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ ለ6 ወራትና ከዚያ በላይ ሊታዩበት ይገባል፤ በርከት ያሉ ምልክቶች ከ12 ዓመት ዕድሜው በፊት የነበሩ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ የሚታዩ፣ ኑሮውንም በግልጽ የሚጎዱ መሆን አለባቸው። በ30 ዓመት ላይ ድንገት የሚጀምር ኤዲኤችዲ የለም። ስለዚህ አንድ ሰው የ10 ዓመት ልጅ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር የሚመሰክርለት ያስፈልገዋል፤ ከእናት የተሻለ ምስክር ደግሞ አይገኝም፤ አጠያየቁ ከታወቀበት።

የዘመዴን እናት ያነጋገርናቸው ቡና ላይ ነበር። በአቦሉ "ልጄ ደህና ልጅ ነበር፤ ምንም አልነበረበትም" አሉን፤ እናት ልጇን በሐኪም መዝገብ ላይ ማሳጣት አትፈልግምና አልተፈረደባቸውም። በቶናው ስለ ሕመም መጠየቃችንን ትተን "ውሃ ሲልኩት ምን ያደርግ ነበር?" አልናቸው። ሳቁ። "ጀሪካኑን ጥሎ ባዶ እጁን ይመጣላ! ሂድና አምጣ ብዬ ስመልሰው ደግሞ ጀሪካኑን ሰው ያመጣልኛል፣ እሱ ይቀራል።" ከዚያ ወዲያ ማቆምም አልተቻለም፤ በጎቹ የሰው ማሽላ ውስጥ ገብተው አባትየው ካሳ የከፈለበትን፣ ቁርአን ቤት ሼሁ "ይህ ልጅ የሰማውን ይይዛል፣ መቀመጥ ግን አልሆነለትም" ያሉበትን ሁሉ ዘረዘሩልን። በበረካው ዕድሜውን ጠየቅናቸው። ዓመተ ምሕረቱን አያውቁትም፤ ነገር ግን ታናሽ እህቱ ከመወለዷ በፊት እንደነበር ያስታውሳሉ፤ እህቱ በ8 ዓመት ታንሰዋለች። መመዘኛው የሚጠይቀው "ከአንድ በላይ ስፍራ" እንግዲህ በጎች ጥበቃው፣ ቤቱና ቁርአን ቤቱ መሆኑ ነው፤ ለሌላው የቄስ ትምህርት ቤት ወይም የመንግሥት ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ከዚህ የምንማረው፣ ስለ ጠባይ ወይም ስለ ሕመም ሳይሆን ልጁ ስለሚላክበት ሥራ መጠየቅ እንደሚሻል ነው።

የድሮ የትምህርት ቤት የውጤት ካርዶች ከተገኙ ይዘው ይሂዱ፤ ከአንዱ መንፈቅ ወደ ሌላው የሚዘልና የሚወርድ ውጤት፣ ዝቅ ያለ የጠባይ ምዘና፣ የቀሪ ቀናት ብዛት ይታይባቸዋል። በጦርነቱ ወረቀት የጠፋበት ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ ካርድ አለመኖሩ አያስጨንቅዎ፤ ታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ አብሮ የተማረ ጓደኛ ይበቃል። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ በቤተሰብ ውስጥ የልብ ሕመም ወይም በወጣትነት ድንገተኛ ሞት ካለም እሱን፣ የእንቅልፍ ሰዓትዎንም በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። በቃል እነግራለሁ ካሉ፣ እንደሚረሱት ከማንም በላይ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

የሚመስሉት ነገር ግን ያልሆኑት

የምርመራው ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ሁለት ነገሮች ያከብዱታል።

የመጀመሪያው ጦርነት ነው። ጦርነቱ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ ወዲህ እንቅልፍ ያጣ፣ በድምፅ የሚደነግጥ፣ ያነበበውን የማይዝ፣ የጀመረውን የማይጨርስ ሰው ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው "ከዚያ በፊትስ?" ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ቀልቡ የተሰበሰበ ከነበረ፣ የሚታከመው የሥነ ልቦና ቁስሉ ነው እንጂ ኤዲኤችዲ አይደለም። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ ግን ባለሙያው ሁለቱንም ይመረምራል።

ሁለተኛው ጫት ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በኬሚካዊ ባሕርይው ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው፤ ኤዲኤችዲ ያለበት አንዳንድ ሰው "ካልቃምኩ ሥራ አይሠራልኝም፤ ሰብሰብ የምለው በምርቃና ነው" የሚለው ከባዶ ተነሥቶ አይደለም። ችግሩ፣ ምርቃናው ሲያልፍ ድብርቱ ይመጣል፣ ሌሊቱ እንቅልፍ ይነሣል፣ በማግስቱ ሀራራው ቀልብን ይበልጥ ይበትናል፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የሚቅም ሰው ላይ የሚታየው ዝንጋኤ የጫቱ ይሁን የቀደመ ችግር ለመለየት ያስቸግራል። ባለሙያው ለተወሰነ ጊዜ ከጫት ርቀው እንዲታዩ ሊጠይቅዎ ይችላል። መጠኑንና ሰዓቱን ሳይደብቁ ይንገሩ። ይህን የምለው ለስብከት አይደለም፤ ለዚህ ችግር የሚሰጡ መድኃኒቶች ብዙዎቹ እንደ ጫት ሁሉ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርጉ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ ላንሣ። ድብርት የጀመረበት ጊዜ ይታወቃል፤ ኤዲኤችዲ ግን ከልጅነት ጀምሮ የሚሄድ ነው። ባይፖላር የስሜት መዛባት በወቅት እየመጣ በወቅት ይሄዳል፣ ይህ ግን ወቅት የለውም። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ወይም በታች መሥራት፣ የደም ማነስ፣ ሌሊት እያንኮራፉ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ የሚጥል በሽታ፣ የጭንቅላት ጉዳትና አልኮልም ይመስሉታል። ደም የሚመረመረውም እነዚህን ለማጣራት ነው፤ ኤዲኤችዲን ራሱን የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ የአንጎል ፎቶ የለም። "በማሽን ታይቶ ይወጣል" ለሚልዎ ሰው ገንዘብ አይክፈሉ።

ወደ ምርመራው

የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ በቅድሚያ ጤና ጣቢያ ሄደው ሪፈር ያጽፉ። ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ከሌላ ወረዳ የሚመጣ ሰው በአቅራቢያው ያለው ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዳለው አስቀድሞ ቢጠይቅ የመኪና ወጪ ይተርፈዋል። ባለሙያው ጥርጣሬ ካደረበት አዲስ አበባ ወዳለው አማኑኤል ሆስፒታል ሊልክዎ ይችላል። ወረፋው ረጅም፣ ጊዜው አጭር ስለሚሆን፣ ገብተው "ደከመኝ፣ ይረሳኛል" ብቻ ካሉ የድብርት መድኃኒት ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። እንዲህ ይበሉ፦ "ከልጅነቴ ጀምሮ ትኩረቴን መያዝ ይቸግረኛል፤ ኤዲኤችዲ እንደሆነ እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ፤ የጻፍኩት ይኸው።" የሚያውቅዎ ሰው አብሮዎ ቢገባ ደግሞ በጣም ይረዳል።

መድኃኒቱ

ሜቲልፌኒዴት ለረጅም ዘመን የተጠና አነቃቂ መድኃኒት ነው። በዶፓሚንና በኖራድሬናሊን ላይ ሠርቶ የላላውን ልጓም ያጠብቃል፤ አጭር ጊዜ የሚሠራው ዓይነት በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይጀምርና ለ3 ወይም 4 ሰዓታት ያህል ይቆያል። የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት መጨመር ሊያስከትል ይችላል። በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት በመሆኑ በልዩ ማዘዣ ይሰጣል። አቶሞክሴቲን አነቃቂ አይደለም፤ ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ ከ4 እስከ 8 ሳምንታት ይፈጃል፣ ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብሎ መተው ስህተት ነው። ማቅለሽለሽና የአፍ መድረቅ የተለመዱ ናቸው፤ አልፎ አልፎ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይመለሳሉ። የሚታዘዝልዎ መድኃኒት በቋሚነት የሚገኝ መሆኑን ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ። ከዓረብ አገር በዘመድ ሻንጣ የመጣ ክኒን አይጀምሩ፤ የጓደኛዎንም አይዋሱ።

ጾም ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ። በረመዳን የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ሱሁር ወይም ወደ ኢፍጣር ማዛወር ይቻል እንደሆነ፣ የፍልሰታና የዐቢይ ጾም ጿሚም ከምግብ ጋር የሚወሰደውን እንዴት እንደሚያደርግ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይገባም። ነገሩ "ዓይነ ጥላ ነው" ተብሎ ጠበል የሚወሰዱ ወይም ዱአ የሚደረግላቸው ሰዎች አሉ። ጠበሉንም ሆነ ዱአውን ተዉ የሚል ባለሙያ አላጋጠመኝም፤ መድኃኒቱ ጎን ለጎን ይቀጥል የሚል ግን ሁሉም ነው።

ኑሮን ማበጀት

መድኃኒት ልጓሙን ያጠብቃል እንጂ መንገድ አያሳይም። ለአዋቂዎች የተዘጋጀው የንግግር ሕክምና ትኩረቱ ስለ ልጅነት ማውራት አይደለም፤ ሥራን መቆራረስ፣ ጊዜን በዓይን እንዲታይ ማድረግና ከጭንቅላት ውጭ ማስታወስን ያስተምራል። በአካባቢያችን የሚሰጠው ሰው ባይገኝ እንኳ መርሑን ከኑሯችን ጋር ማስማማት ይቻላል።

ዘመዴ ግድግዳው ላይ ከነበሩት ሚስማሮች 3 ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን ነቀለ። 3ቱ ላይ ልብስ ካለ አዲስ ጨርቅ አይቆርጥም፤ ደንበኛውን ሚስማሩን እያሳየ "ቦታ የለም" ይለዋል። ይህ ቀላል ነገር ከብዙ ምክር የበለጠ የሠራለት፣ ውሳኔውን ከቀልቡ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ስላደረገው ይመስለኛል። ቀጠሮን "ማክሰኞ" ብሎ መያዝ ትቶ "ማክሰኞ ከዙሁር በኋላ" ይላል፤ አዛኑ ወይም የቤተ ክርስቲያን ደወሉ በነጻ የሚደወል ማንቂያ ነው፣ ስልክ ደግሞ ለቀረው ይጨመርበታል። አሰልቺ ሥራን ሰው አጠገብ ሆኖ መሥራትም ይረዳል። ደቦና ወንፈል የለመደ አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ አይቸገርም፤ የሒሳብ መዝገቡን የሚሞላው የሰፈሩ መምህር የተማሪዎቹን ፈተና በሚያርምባት ሰዓት፣ መምህሩ ቤት ተቀምጦ ነው። የእቁቡን ገንዘብ ደግሞ እጁ ከመግባቱ በፊት ባለቤቱ ተቀብላ ትከፍላለች።

ቤተሰብ ማስታወሻን ከወቀሳ ቢለይ መልካም ነው። "ዛሬም ረሳኸው?" የሚለው ምንም አያስታውስም፤ "ቅሬው ነገ ጠዋት ነው" የሚለው ያስታውሳል።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት የደም ግፊት፣ የልብ ምትና ክብደት በየቀጠሮው ይለካል። በየማታው አንድ መስመር ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት ተኙ፣ ምን በሉ፣ ምን ጀምረው ጨረሱ። መጠኑ የሚስተካከለው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው። ዘመዴ ደብተሩንና የቀጠሮ ካርዱን በፌስታል አድርጎ ከ3ቱ ሚስማሮች በአንደኛው ላይ ይሰቅላል፤ የሐኪሙ ቀጠሮ ባለበት ሳምንት የሚሰፋው ልብስ 2 ብቻ ነው።